በእንሰት ጓሮ የቀረጽነው ፊልም

ሆሳዕና፣ የካቲት ወር

ውድ ሐዳሳ፣

የደብዳቤ ወግ ጤና በመጠየቅ ይጀምራል። እኔ ያንቺን ጤና የመጠየቅ መብት የለኝም፤ ስለዚህ እሱን ዘልዬዋለሁ። ከሞትሽ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነሽ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስላንቺ በሰው ፊት ያልኩት ነገር ቢኖር፣ በቀብርሽ ቀን ከሕዝቡ ጋር አብሬ ያልኩት «አሜን» ብቻ ነው። ያ አሜን ውሸት ነበር። ለምን ውሸት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ግን ከእኔ አፍ አልሰማሽውም።

የምጽፍልሽ ያቺው ከመናኸሪያው ጀርባ የተከራየናት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው። አከራያችን አልጋዋን አውጪና ክፍሉ ይስፋሽ ትለኛለች። አላወጣሁትም።

እነዚያን ፊልሞች ቤታችን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ኮሌጅ ፋርማሲ ስማር ከዶርም ልጆች ጋር ማየት ለምጄ ነበር። አንቺ ለትምህርት ከዶዮገና መጥተሽ አብረን መኖር ስንጀምር፣ የመጀመሪያውን ፍላሽ ከቦርሳዬ አውጥቼ «ለማንም እንዳትናገሪ» ያልኩሽ እኔ ነኝ። አባዬ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፣ እኔ መዘምራን ውስጥ አለሁበት፤ የሙት መንፈስና የሰይጣን ፊልም በኛ ቤት ስሙም አይነሣም። አንቺ አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፣ እኔ ሃያ ስድስት። «ለማን እናገራለሁ?» አልሽኝ። እውነትም ለማንም አልተናገርሽም፤ እስከ መጨረሻው።

ቅዳሜ ከሰዓት መድኃኒት ቤቱ ይዘጋል፣ አንቺም ትምህርት የለሽም። መስኮቱን ዘግተን፣ መጋረጃው ላይ ጋቢ ደርበን፣ አሮጌውን ላፕቶፔን አልጋሽ ላይ አስቀምጠን እናይ ነበር። ፊልሞቹን የሚሰጠን መናኸሪያው በር ላይ ሚሞሪ የሚጭነው ቸኮል ነው። ሌላው ሰው አዲስ የወጣውን ሲጠይቀው አንቺ ግን «ከሁሉም የባሰውን ስጠኝ» ትይዋለሽ። መጀመሪያ ግራ ገብቶት ነበር። በኋላ ራሱ እየፈለገ፣ «ይቺንስ ሠርተው ሲጨርሱ ራሳቸውም ሳያፍሩ አይቀሩም» እያለ ያስቀምጥልሽ ጀመር።

በየት አገር እንደተሠሩ እንኳ አናውቅም ነበር። አንዱ ላይ ከመቃብር የወጣው ሙት አንሶላ ተከናንቦ ሲመጣ እጁ ላይ የታሰረው ሰዓት ይታያል። ፊልሙን አቁመሽ፣ ስክሪኑ ላይ ተደፍተሽ ሰዓቱን አነበብሽው፤ ዘጠኝ ከሩብ ይላል። «ቀጠሮ አለው ማለት ነው» አልሽ። ተቆርጦ ብቻውን የሚሄደውን እጅ የሚጎትተው ክር እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ በግልጽ ይታይ ነበር። ደም የሚመጠው ሰውዬ ደግሞ ሲፎክር የሰካው ጥርስ ወደቀበት፤ እሱ ግን አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ንግግሩን እስከ ጫፉ ጨረሰ። እኔ በሣቅ ስሞት አንቺ ያን ሰውዬ አከበርሽው። «ጥርሱ ወድቆ እንኳ ሥራውን አልተወም» አልሽ። እኔ በሠሪዎቹ ላይ ነበር የምስቀው። አንቺ አብረሻቸው ትስቂ ነበር፤ ይኼ እኮ አሁን ነው የገባኝ።

አንድ ቅዳሜ ቀይ ቆዳ የለበሰ ሰይጣን አየን። ሊሮጥ ዞር ሲል ጀርባው ላይ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ዚፕ አለ። እንባሽ እስኪወርድ ሣቅሽ። ጥሩ ጥሩ ፊልም ሞልቶ ለምን ይኼን ቆሻሻ እንደምትወጂ ጠየቅሁሽ። እንባሽን ጠርገሽ እንዲህ አልሽኝ፦

«ጥሩ የተሠራው ያስፈራኛል። ይኼኛው ዚፕ አለው። ዚፕ ካለው ደግሞ ውስጡ ሰው አለ ማለት ነው፤ ሲጨርስ አውልቆት ምሳውን ይበላል።»

ፊልሙን ልትቀጥይ እጅሽን ዘርግተሽ ተውሽው። «የኔ ግን ዚፑ የት ጋ እንደሆነ አላውቅም» አልሽ።

የሚጥል በሽታሽ የጀመረው በአሥራ ስድስት ዓመትሽ፣ ዶዮገና፣ አባዬ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ነው። አባዬን ክፉ አድርጌ እንዳልጽፈው ይኼንን ልበል፤ ያን ቀን ከክፍል አንስቶ በትከሻው ጤና ጣቢያ ያደረሰሽ እሱ ነው። ሆሳዕና ሆስፒታል ያመጣሽም እሱ ነው። ሐኪሙ ፌኖባርቢታል በየማታው አንድ አንድ አዘዘልሽ፣ አባዬም ሳይከራከር ተቀበለ። ኪኒኑ ሕመሙን ያዘልሽ። ሁለት ዓመት ተኩል ምንም ነገር አልነካሽም። እኔ ራሴ ከምሠራበት መድኃኒት ቤት አመጣልሽ ነበር። ይህን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ሁሉ በመስኮቱ በኩል የምለውን በቃሌ አውቀዋለሁ፦ በድንገት እንዳታቋርጡት፤ በድንገት ከተቋረጠ ሕመሙ ብሶ ይመለሳል፣ ሊገድልም ይችላል። ይህንን በቀን አሥር ጊዜ እለው ነበር ሐዳሳ።

አንቺን የሚከነክንሽ ሌላ ነገር ነበር። «ሁላችሁም አይታችሁታል» ትይኝ ነበር። «እኔ ብቻ አላየሁትም። ስነቃ ፊልሙ አልቋል፣ ሰው ከቦኝ ያፈጣል።»

ከዚያ የራሳችንን ፊልም እንሥራ አልሽ። ለሴሚስተር ዕረፍት ዶዮገና ስንገባ አባዬና እማዬ ሠርግ ተጠርተው አንጋጫ ሄዱ፤ ጓሮው ለኛ ቀረ። ታሪኩን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። በሠርጓ ዋዜማ የሞተች ሙሽራ እንሰት መሐል ተቀብራለች፤ ቅጠል ልትቆርጥ የገባች ልጅ ላይ ትሰፍርባታለች። ሙሽራዋም አንቺ፣ ልጅቷም አንቺ ነበርሽ፤ ስለዚህ ሁለቱ አንድም ጊዜ አብረው አይታዩም። እማዬ አጥባ ያሰጣችውን ቃጫ እንደ ፀጉር ራስሽ ላይ አሰርሽ፣ ፊትሽን ዱቄት ቀባሽ፣ የቲማቲም ድልህ በአገጭሽ አወረድሽ። እኔ ስልኬን ይዤ እየተራመድኩ ቀረጽኩሽ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር፤ ሌሊት እንዲመስል ብለን ሰማያዊ አደረግነው፣ ግን ፀሐዩ በቅጠሉ መሐል ፍንትው ብሎ ይታያል። ሙሽራዋ ከመቃብር በምትነሣበት ሰዓት የጎረቤት ላም ገብታ የለበስሽውን ቅጠል መብላት ጀመረች።

ልጅቷ የምትወድቅበት ላይ ስንደርስ ቆምሽ።

«እንዴት ነው የምወድቀው?» አልሽኝ።

የስልኩን መስተዋት መጥረግ ጀመርኩ።

«አንቺ አይተሽኛል። አሳዪኝ።»

እምቢ አልኩሽ። ኃጢአት መሰለኝ፣ ከኃጢአቱም በላይ አሳፈረኝ። አንቺ ግን ፊትሽ ዱቄት እንደሆነ ቆመሽ ጠበቅሽኝ፤ የቀልድ ፊት አልነበረም። ስልኩን ሰጠሁሽና እርጥቡ መሬት ላይ ተኛሁ። ክንዴን አደረቅሁ፣ አንገቴን ወደ ግራ ጠመዘዝኩ፣ ተንቀጠቀጥኩ፣ ተረከዝሽ መሬቱን እንዴት እንደሚደበድብ አሳየሁሽ። ስጨርስ ዐይኔን ስገልጥ ከላዬ ቆመሽ ቁልቁል ታይኛለሽ።

«ይኼው ነው?» አልሽኝ።

«ይኼው ነው።»

«ሌላ ምንም የለም? ሌላ ድምፅ፣ ሌላ ፊት?»

«ምንም የለም። አንቺው ነሽ።»

ያኔ ሣቅሽ። እንደዚያ ስትስቂ ሰምቼሽ አላውቅም፤ ከሆድሽ የወጣ፣ ረጅም፣ እንደ ልጅ የሆነ ሣቅ። ከዚያ ስልኩን መለስሽልኝና ራስሽ ወደቅሽ። ደጋግመሽ፣ እያስተካከልሽ፣ «አሁንስ?» እያልሽ ወደቅሽ። ያን ቀን ያንን ነገር መፍራት የተውሽ መሰለኝ። ሁለት ሳምንት ቁጭ ብለሽ ቆራርጠሽ ቀጠልሽው፣ ድምፁን በሙሉ አጥፍተሽ በስልክ ያወረድሽውን የሚያንቋርር ሙዚቃ ጫንሽበት። አሥራ አንድ ደቂቃ ሆነ። ያለቀው ያንቺ ስልክ ላይ፣ ጥሬው እኔ ስልክ ላይ ቀረ። ቸኮልን እንኳ አላሳየሽውም።

ቀጥሎ በመጣው ኅዳር ታይፎይድ ያዘሽ። ሦስት ቀን የበላሽውን ሁሉ አስመለሰሽ፣ ኪኒኑንም ጭምር። እሑድ ዕለት ትንሽ ሻል አለኝ ብለሽ ቤተ ክርስቲያን ተከትለሽኝ መጣሽ፤ መዝሙር ላይ ቆመን ሳለ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ወደቅሽ። ትኩሳትና ያስመለስሽው መድኃኒት እንደሆነ በደቂቃ ውስጥ ገብቶኛል። ግን እኔ መድረኩ ላይ ነበርኩ። ከመድረኩ ወርጄ አንቺ ጋ እስክደርስ ሰዎች ከበውሽ በጸሎት ይጮኹ ነበር፣ አንድ አገልጋይም ራስሽን ይዞ «ስምህን ንገረኝ» እያለ የሌለውን ነገር ይጠይቅ ነበር። «ታማ ነው፣ ታይፎይድ ነው» ብል ማን ይሰማኛል ብዬ ዝም አልኩ። የመጀመሪያው ዝምታዬ ያ ነው።

በማግስቱ አባዬ ከዶዮገና መጣ። አገልጋዩ በር ሳይከፈትለት የሚገባ መንፈስ የለም፣ በሩን ፈልጉ ብሎት ነበር። አባዬ ስልክሽን ተቀብሎ በሩን ፈለገ። ፊልሞቹን አገኛቸው፤ አንሶላ የለበሰውን፣ ባለ ዚፑን፣ ሁሉንም። ከዚያ ያንቺን አገኘ። እዚሁ አልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አሥራ አንዱንም ደቂቃ አየው። አጠገቡ ዘርአብሩክ ተቀምጧል፤ የመዘምራኑ መሪ፣ የኔ እጮኛ። ሠርጋችን ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። እኔ ሻይ ይዤ በሩ ጋ ቆሜአለሁ። አንቺ ግድግዳውን ተደግፈሽ፣ ከንፈርሽ በትኩሳት ተሰነጣጥቆ፣ አባዬ የሚያየውን ታያለሽ። ስትወድቂ የሚያሳየው ላይ ሲደርስ አባዬ ስልኩን ወደ ፊቱ አቀረበ። ላሟ ስትገባ ማንም አልሣቀም።

«ማነው የቀረጸሽ?» አለሽ።

ወደ እኔ አላየሽም። አንድ ጊዜ እንኳ። «ማንም» አልሽው። «ስልኩን እንሰት ላይ አስደግፌ ብቻዬን ነው የቀረጽኩት።»

ሻዩን አስቀመጥኩ። ዘርአብሩክ ወደ እኔ ዞሮ ስለ ፊልሞቹ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። ማምለጫ አልነበረኝም አልልም፤ ነበረኝ። እውነቱን ብናገር አባዬ ይቆጣል፣ ሠርጉ ምናልባት ይቀራል፣ ከመዘምራን እወጣለሁ። ከዚያ የከፋ ምንም አይመጣብኝም ነበር። እኔ ግን «ቅዳሜ ቅዳሜ መስኮት ዘግታ የሆነ ነገር ታያለች፤ እኔ እተኛለሁ፣ ምን እንደሆነ አላውቅም» አልኩ። ይኼንን በጆሮሽ ሰምተሻል። ፊትሽ ምንም አልተለወጠም። ያን ጊዜ እንኳ ያሳሰብሽ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ከሺንሺቾ ወዲያ ወዳለ የጸሎት ቦታ ሊወስዱሽ ተስማሙ። ሐሙስ ጠዋት መኪናው ውጭ ቆሞ እየጠበቀ አባዬ ከአጥሩ ጥግ ለብቻዬ ጠራኝ። እንደዚያ ቀን አርጅቶ አይቼው አላውቅም። እዚያ የሚገባ ሰው መድኃኒቱን ትቶ በእምነት ነው የሚገባው እንዳሉት ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንቺ ተምረሽዋል። ብታቆመው ምን ይሆናል?» አለኝ።

እየለመነኝ ነበር ሐዳሳ። ያን ቀን አልገባኝም፤ ወይም ገብቶኝ አልፈለግሁትም። አባዬ እምቢ የሚልበት ምክንያት ከእኔ አፍ ይፈልግ ነበር። በቀን አሥር ጊዜ ለማላውቀው ሰው የምለውን አንድ ጊዜ ለአባቴ ብለው ኖሮ ከመኪናው ያወርድሽ ነበር። ግን ዘርአብሩክ ማታውን በሩን የከፈተ ሰው ሁልጊዜ ፈውሱን ይቃወማል ብሎኝ ነበር፤ በምን ስሜት እንዳለው አላውቅም፣ እኔ ግን ስለኔ ያወቀ መስሎኝ ስፈራ አደርኩ። ለአባዬም «እግዚአብሔር የጀመረውን ይፈጽማል» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

አንቺ ከመኪናው መስኮት አንገትሽን አውጥተሽ ጠራሽኝ። የኪኒኑን ብልቃጥ በእጅሽ ይዘሻል።

«አቢ፣ ልያዘው ወይስ ልተወው?»

«አባዬን ጠይቂው» አልኩሽ።

ብልቃጡን አቀበልሽኝ። ስንለያይ ያልኩሽ ቃል ይኼ ነው፤ እህትነታችን በዚህ አለቀ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት፣ መድኃኒት ቤት ሳለሁ እማዬ ደወለች። ከንጋት ጀምሮ እየወደቅሽ፣ ሳትነቂ እንደገና እየወደቅሽ፣ አራት ሰዓት ላይ እንዳበቃ ነገረችኝ። መጸለያው ስፍራ ያሉት መንፈሱ ሊወጣ ሲል ይብስበታል ብለው ሐኪም ቤት አልወሰዱሽም። እኔ ስልኩን ይዤ ቆሜ እንደዚያ የሚደጋግመው ሕመም ምን እንደሆነ፣ ስሙን፣ በየትኛው መርፌ እንደሚቆም፣ መርፌው ከኋላዬ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ አስብ ነበር።

ዶዮገና ቀበርንሽ። ሰባኪው ሐዳሳ ከእስራት ነፃ ሆና ሄደች አለ። ሕዝቡ አሜን አለ፣ እኔም አሜን አልኩ። ዘርአብሩክ መዝሙር መራ፤ እኔም አዝማቹን ተቀበልኩ።

ሠርጉን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱን ስላልነገርኩት ሐዘኑ ነው ብሎ ይጠብቀኛል። ባለፈው ግንቦት አንዲት እናት ከአንጋጫ የልጃቸውን መድኃኒት ሊወስዱ መጡ፤ ስለተጸለየላት ላቁምላት ወይ ብለው ጠየቁኝ። በመጨረሻ ዕድል የተሰጠኝ መሰለኝ። ግን ቃሉ ከአፌ በሥርዓት አልወጣም፤ ጮኽኩባቸው። ትገድሏታላችሁ ብዬ በሰው ፊት ጮኽኩባቸው። ሴትዮዋ ደንግጠው፣ ከፊታቸው ያለውን ኪኒን እንኳ ሳያነሡ ወጡ። በቀጣዩ ወር አልመጡም። በሌላውም ወር። ሌላ መድኃኒት ቤት ሄደው ይሆናል እላለሁ።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ መስኮቱን ዘግቼ ባለ ዚፑን ከፈትኩት። ብስቅ አንቺ ትቀርቢኝ መስሎኝ ነበር። ሰይጣኑ ዞረ፣ ዚፑን አየሁት፣ እና ሐዳሳ፣ ፈራሁ። ዚፑን እያየሁት ፈራሁ። ላፕቶፑን ከድኜ ውጭ ፀሐይ ላይ ወጥቼ ቆምኩ።

ገና ካለፈ በኋላ በጉባኤ ፊት ለመናገር ፈቃድ ጠየቅሁ። ሽማግሌዎቹ በትሕትና ተቀብለው አነጋገሩኝ። ምን ልናገር እንደሆነ ስነግራቸው ተያዩ፤ ከዚያ የሞተችውን እናሳርፋት፣ የአባትሽንም ስም እናስብ አሉኝ። አንደኛው በር ድረስ ሸኝቶኝ ለራስሽም ጸልዪ አለኝ። ከአንቺ ሊያስወጡ የሞከሩትን ነገር በእኔ ላይ ማየት የጀመረ መሰለኝ።

ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ዶዮገና ሄድኩ። ከምሳ በኋላ አባዬንና እማዬን አስቀምጬ ጥሬውን ከስልኬ ላይ ከፈትኩላቸው፤ ሙዚቃ የሌለበትን፣ ድምፃችን ያለበትን። እኔ መሬት ላይ ተኝቼ ስንቀጠቀጥ አንቺ ቀርጸሽኝ ኖሯል፤ ከዚያ በፊት አይቼው ስለማላውቅ እኔም ከእነሱ ጋር ነው ያየሁት። «ምንም የለም፤ አንቺው ነሽ» የሚለው ድምፄ ሲሰማ አባዬ ዐይኑን ጨፈነ። ከዚያ ሣቅሽ መጣ። እማዬ ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም። ስልኩን ከእጄ ወስዳ ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ «እሷን መልሽልኝ» አለች። መለስኩላት። እንደገና አለች፣ መለስኩላት። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። እማዬ አታለቅስም፤ ትሰማለች ብቻ።

የቀረጽኩት እኔ ነበርኩ ብዬ ለአባዬ መናገር ጀመርኩ። አቋረጠኝ።

«እንሰት አይራመድም» አለኝ። «ያኔም ሰው ይዞት እንደሚከተላት አይቻለሁ። ማን እንደሆነም አውቄያለሁ። ሁለታችሁንም ከማጣ ብዬ ዝም አልኩ።»

እንግዲህ አንቺ እኔን ለማዳን ዋሽተሽ፣ እሱም እኔን ለማዳን አምኖሽ፣ እኔ ደግሞ ራሴን ለማዳን ቆሜ አይቼ ነው የሞትሽው። የተጨነቀልሽ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

አባዬ ዐይኑን ገለጠ። መሬት መሬቱን እያየ፣ «የመድኃኒቱንስ?» አለኝ። «ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር?»

«አዎ አባዬ። አውቅ ነበር።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ፣ ቢመታኝ፣ ከቤቴ ውጪ ቢለኝ ዛሬ ይኼን ደብዳቤ አልጽፍልሽም ነበር። ኮቱን ደርቦ ወደ ጓሮ ወጣ፤ እስኪመሽ አልተመለሰም። በማግስቱ ጠዋት ቁርሱን አቀረብኩለት። ቀስ ብሎ በላ። ሲጨርስ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ ሳያየኝ፣ «ጌታ ይባርክሽ» አለኝ። መንገድ ላይ ውሃ ለምኖት ለሰጠው ሰው የሚለው ነው። ልጄ አላለኝም። ወደ ሆሳዕና ልመለስ ስነሣም እንዲሁ አለኝ፤ «ጌታ ይባርክሽ፣ በሰላም ግቢ»፤ እንግዳ እንደሚሸኝ እስከ አጥሩ በር ድረስ መጥቶ።

ይቅር በይኝ ብዬ አልቋጭም ሐዳሳ፤ ይቅር የምትይበት ቦታ ላይ ብትሆኚ ሳትጠየቂ እንደምትይው ስለማውቅ፣ ያንን ደግሞ ልወስድብሽ አልፈልግም። ይኼን ብቻ ያዢልኝ፦ የታመምሽው ሕመም ስም ነበረው፣ መድኃኒትም ነበረው፣ ያንቺ በደል አልነበረበትም። ይኼንን የማውቀው እኔ ነበርኩ።

አልጋሽን አላወጣም።

እህትሽ መባል ካልቀረብኝ፣
እህትሽ አቢጋኤል